እናቴ ሰፈር ከለቀቀች ወዲህ መርሳት አበዛች፤ ቀኑን ሙሉ ምን ላሠራት?

የአባዶዋ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የጤና ባለሙያም ሆነ ወላጅ ይዞ የሚኖር ሰው ካለ ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ቻሉኝ።

እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን በሙሉ የኖረችው አራት ኪሎ፣ ቀበሌ ቤት ነው። ሰፈሩ ሲነሳ እኔ ጋ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም መጣች። አራተኛ ፎቅ ነን። አራት ኪሎ እያለች በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ትሸጥ ነበር። ሱቅ የላትም፣ ደብተር የላትም። ማን ስንት ኪሎ እንዳዘዘ፣ ማን ግማሹን ከፍሎ ግማሹ እንደቀረበት፣ የማን ባል በርበሬው ሲያቃጥል እንደሚያኮርፍ፣ ሁሉም ጭንቅላቷ ውስጥ ነው። አንዴ አንዲት ደንበኛ በሒሳብ ብትከራከራት፣ ከሁዳዴ መያዣ ጀምሮ የወሰደችውን አንድ በአንድ ቆጥራ አፏን አስያዘቻት።

አሁን ጋዝ ላይ የጣደችውን ትረሳለች። አንድን ወሬ ጠዋት ነግራኝ ማታ እንደ አዲስ ትነግረኛለች። የልጄን ስም በወንድሜ ልጅ ስም ትጠራለች (ይሄ እንኳን የሁሉም እናት ነው)። አንድ ቀን ዳቦ ልትገዛ ወርዳ ብሎካችን ጠፋባት፤ ዘበኛው ነው ያመጣት። እውነቱን ለመናገር ብሎኮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ እኔንም መጀመሪያ ሰሞን አደናግረውኛል። እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻዋን አትወርድም።

ቀኗ እንዲህ ነው። ጠዋት ቅዳሴ በቴሌቪዥን። ቀጥሎ የቱርክ ድራማ። ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ እንቅልፍ። ማታ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ይላታል። ሠራተኛ ስላለች ሥራ የለባትም። «እስከ ዛሬ ለፍተሻል፣ አሁን አረፍ በይ፣ እኛ አለንልሽ» ብለናታል። ስኳር አለባት፣ ለብዙ ዓመት ሜትፎርሚን ወስዳለች። የደም ግፊት መድኃኒትም ጀምራ ነበር። ጉልበቷንም ያማታል።

ወንድሜ ከውጭ ታብሌት ልኮላታል፣ ለአእምሮ ይጠቅማል የተባለ ጨዋታ የተጫነበት። አልወደደችውም። «ይጮህብኛል» ትላለች። ጥያቄዬ፦ በየቀኑ ሊደረግ የሚችል፣ አንጎሏን የሚያነቃ ነገር ምንድን ነው? ሱዶኩ? ዳዊት መድገም? ወይስ በዚህ ዕድሜ ከዚህ በኋላ የሚለወጥ ነገር የለም?


ናቲ 22፦

ሰላም እህት። በታብሌቱ ቶሎ ተስፋ አትቁረጪ። ድምፁን ቀንሺላት፣ ጽሑፉን አተልቂላት። አክስቴ በቀን 15 ደቂቃ ትጫወታለች፣ ነጥቧ በየጊዜው እየጨመረ ነው። ማዘርም ከለመደችው ትወደዋለች።


ታዛቢ፦

እርጅና ነው እህቴ። ሁላችንም እንደርስበታለን። አታሯሩጫቸው፣ በሰላም ይቀመጡ።


ሲስተር በጡረታ፦

ልጄ፣ ከሱዶኩ በፊት ላብራቶሪ ይቅደም። ነርስ ነበርኩ። አብዛኛውን ዘመኔን ያሳለፍኩት ስትሮክ የመታቸው ሰዎች በሚተኙበት ክፍል ነው። አሁን ጊዜ ሞልቶኛል፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፍልሻለሁ።

እናትሽ ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት ወስደዋል። ይህ መድኃኒት ሲቆይ የሰውነትን ቫይታሚን ቢ12 ሊያሳንስ ይችላል። ቢ12 ሲያንስ መርሳት ይመጣል፣ ድካም ይመጣል፣ እግር ይደነዝዛል። ጿሚም ከሆኑ ነገሩ ይብሳል፤ ቢ12 የሚገኘው ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ውስጥ ነውና። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ ይታከማልም። ታይሮይድ የሚባለው የአንገታቸው ዕጢም አብሮ ይታይ። የደም ግፊት መድኃኒት «ጀምራ ነበር» ያልሽው አላማረኝም። ነበር ማለት ምን ማለት ነው? ስለተሻላቸው ተዉት? ደም ግፊት አያምም፣ ዝም ብሎ ነው የሚሠራው። የአንጎልን ደም ሥሮች የሚጎዳውም እንደዚያው ዝም ብሎ ነው።

«ይጮህብኛል» ያሉትንም እንዳታልፊው። ቴሌቪዥኑን ስንት ላይ ነው የሚከፍቱት? ጆሮው የደከመ ሰው ዝቅ ያለውን ድምፅ አይሰማም፣ ከፍ ያለው ደግሞ ያስጨንቀዋል። ያልሰማውን ነገር ደግሞ «ረሳው» እንለዋለን። ጆሮ አሳዪያቸው። ሰም ብቻም ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ዕድሜ ልኩን ከኖረበት ሰፈር የተነቀለ ሰው ድብርት ሊይዘው ይችላል። በትልልቅ ሰዎች ላይ ድብርት ሁልጊዜ ለቅሶ ሆኖ አይመጣም። ዝምታ፣ እንቅልፍ ማጣትና መርሳት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ይህንንም ለሐኪሙ ንገሪው፣ እሳቸው በራሳቸው አይናገሩም። እና አንድ ቀን በድንገት አፋቸው ከተጣመመ፣ ንግግራቸው ከተኮላተፈ ወይም አንድ እጃቸው ከዛለ እዚህ መጥተሽ አትጻፊ። ሩጪ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «በዚህ ዕድሜ የሚለወጥ ነገር የለም ወይ» ላልሽው፣ አለ። አንጎል በምን እንደምናሠራው እየተከተለ ሽቦውን ሲቀያይር ይኖራል፣ እስከ እርጅና። ይሄን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአልጋ ዳር ነው ያየሁት። ስትሮክ ቀኝ እጁን የያዘው ሰው ይመጣል። ቤተሰቡ ያባብለዋል። ሚስት ታጎርሰዋለች፣ ልጅ ቁልፉን ይቆልፍለታል፣ እህት ፊቱን ታጥበዋለች። ሁሉም በፍቅር ነው። ያቺ የደከመች እጅ ግን ሥራ አጥታ ጭኑ ላይ ትቀመጣለች። አንጎሉም ያለ እሷ መኖርን ይለምዳል። እኔ የማውቃቸው ብዙ ሰዎች የቀሩት በሕመሙ ብቻ ሳይሆን በጉርሻው ነው።

አሜሪካኖች የዚህን ተቃራኒ ሞከሩ። ደህነኛውን እጅ ጓንት አልብሰው ከሥራ ከለከሉት፤ የደከመው እጅ ግዴታውን እንዲሠራ። ለሁለት ሳምንት። ኤድዋርድ ታውብ የሚባል ሳይንቲስት ነው የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2006 በ222 ሰዎች ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት ውጤቱን አሳይቷል። እጃቸው በጣም የተሻለው ከተለመደው እንክብካቤ ይልቅ በዚህ ግዴታ ያለፉት ናቸው። ስትሮኩ ከመታቸው ከሦስት እስከ ዘጠኝ ወር ያለፋቸው ሰዎች ነበሩ። በእርግጥ መጀመሪያውኑ ጣቶቻቸው ትንሽም ቢሆን የሚንቀሳቀሱ ናቸው፤ ለሁሉም በሽተኛ የሚሆን ነገር አይደለም።

እናትሽ ስትሮክ አልመታቸውም። ግን እናንተ ቤት ውስጥ ጭንቅላታቸውን እያጎረሳችሁት ነው። ሠራተኛዋ ታበስላለች፣ አንቺ ትገዣለሽ፣ ሒሳቡን ባልሽ ይከፍላል፣ መንገዱን ዘበኛው ያሳያል። ታዲያ ምኑን ያስታውሱ? ለማስታወስ የሚያስገድዳቸው አንድም ነገር የለም እኮ።

ሥራቸውን መልሺላቸው። በርበሬውን።

በርበሬ ማዘጋጀት ማለት ምን እንደሆነ እስቲ አስቢው። ዛላው ሲገዛ ቀለሙ ይታያል፣ በእጅ ይጨበጣል፣ ይሸተታል፣ በዋጋው ይከራከራሉ። ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ደመና ሲመጣ ሮጦ ማንሳት ነው። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ጤና አዳሙ ተወቅጦ ከበርበሬው ጋር ይደለዛል። ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱና ጥቁር አዝሙዱ ለየብቻ ይታመሳል፣ አንዱ ከአንዱ ቀድሞ ያራል። ለዚህን ያህል ኪሎ ዛላ ስንት ኮረሪማ ይገባል? ባለፈው ጊዜ ያቃጠለባት ሴትዮ ማን ነበረች? ከዚያ ወፍጮ ቤት አለ፣ ወረፋ አለ፣ ወሬ አለ፣ መልስ መቁጠር አለ። ዓይን፣ አፍንጫ፣ እጅ፣ እግር፣ ሒሳብና ሰው በአንድ ሥራ። የትኛው ታብሌት ነው ይህን የሚያክል?

ናቲ፣ ቅር እንዳይልህ ልጄ። አክስትህ ነጥባቸው ጨመረ ማለት ጨዋታውን ለመዱት ማለት ነው። ያ ጨዋታ ወጥ እንዳያርባቸው ያደርጋል ማለት ግን አይደለም። ሉሞሲቲ የሚባለውን የአእምሮ ጨዋታ አስታውስ። «አእምሮህን ስለህ በሥራህም በትምህርትህም ትበልጣለህ፣ በእርጅና ከሚመጣ መርሳት ትጠበቃለህ» እያለ ሲያስተዋውቅ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ኮሚሽኑ ያለው ማስታወቂያውን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ የላችሁም ነው። መጫወት ክፉ ነው አላልኩም። ደስ ካላቸው ይጫወቱ።

ታዛቢ ደግሞ፦ እርጅናስ ነው። ግን ሁሉም መርሳት እርጅና አይደለም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ሪፖርት ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 ነገሮችን ቆጥረዋል። የጆሮ መድከም፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ የዓይን መድከም፣ ድብርት፣ አለመንቀሳቀስ፣ ከሰው መነጠል አሉበት። እነዚህ ቢስተካከሉ ከመርሳት በሽታ 45 ከመቶ ያህሉ ሊቀር ወይም ሊዘገይ ይችላል ነው የሚሉት። ቀሪው ከሃምሳ በላዩ በእጃችን አይደለም፣ እሱን አልዋሽሽም። ከላይ ከቆጠርኩት ውስጥ ግን የእናትሽ ቤት ስንቱ እንዳለ ራስሽ ቁጠሪው።


የላዳው ሹፌር፦

ሲስተር እጅዎ ይባረክ። እኔ ስለ ብሎኩ ልጨምር።

ላዳ ስነዳ «ቦታውን አውቀዋለሁ» ማለት እንጀራዬ ነበር። ሰው «ከቶታሉ ከፍ ብሎ፣ ከባሕር ዛፉ ጋ ወደ ውስጥ» ይልሃል፤ ትደርሳለህ። አሁን በስልክ ነው የምሠራው። ሴትዮዋ «ወደ ቀኝ ይታጠፉ» ትላለች፣ እታጠፋለሁ። አሥር ጊዜ የሄድኩበት ቤት ያለ እሷ አይገኝልኝም።

ለንደን ጥቁሩን ታክሲ ለመንዳት ፈተና አለ። ከቻሪንግ ክሮስ ዙሪያውን 6 ማይል፣ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ እዚያ ውስጥ ያሉ 25,000 ያህል መንገዶችን በቃል መያዝ አለብህ። ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። ኤሌነር ማጓየር የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 የሾፌሮቹን አንጎል በኤምአርአይ አይታ ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል በኋላው በኩል ከሌላው ሰው ተልቆ አገኘችው። መንገድም ትዝታም የሚያዝበት ቦታ ነው ይላሉ። «ምናልባት ሲፈጠሩም እንዲህ ናቸው» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ጥናት የሚጥመኝ። 79 ሰልጣኞችን ገና ሲጀምሩ ጀምሮ ተከታተሏቸው። 39ኙ ፈተናውን አለፉ። ሲጀመር በሁሉም መካከል ልዩነት አልነበረም። ሲያልቅ ያ ቦታ አድጎ የተገኘው ያለፉት ላይ ብቻ ነው። የአውቶቡስ ሹፌሮችንም አይተዋል፣ በአንድ መስመር የሚመላለሱትን። እነሱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልተገኘም። የሚኒባስ ወንድሞቼ እንዳትቀየሙኝ።

ስለዚህ እህቴ፣ አብረሻቸው ውረጂ፤ ግን አንቺ አትምሪ። እሳቸው ይምሩሽ። ዝም ብለሽ ተከተያቸው፣ ቢሳሳቱም ትንሽ ታገሺ። የብሎክ ቁጥር አታስጠኛቸው፣ ቁጥር ምን ያደርግላቸዋል። የራሳቸውን ምልክት ይያዙ። ጀበና ቡና የምትሸጠዋ ልጅ፣ አረንጓዴ በር ያለው ሱቅ፣ ውሻ የሚታሰርበት ብረት። እኛ አዲስ አበቤዎች መንገድ የምናውቀው እንዲህ ነው። ዳቦውን አንድ ቀን ከዚህ ሱቅ፣ ሌላ ቀን ከማዶው ይግዙ። ሁለት ሰፈር ካወቁ ሦስተኛው አያስፈራቸውም።


የአባዶዋ፦

ሲስተር አመሰግናለሁ፣ ግን «በጉርሻ» ያሉት ትንሽ አሞኛል። እናቴን አስቀምጬ ማብላት እኮ ሕልሜ ነበር። በስድስት ዓመቴ ወቀጣ ስትወቅጥ እጇ ተልጦ አይቻለሁ። አሁን መልሼ ውቀጪ ልበላት?

ደግሞ በርበሬ አራተኛ ፎቅ ላይ! ብሎኩ ሁሉ በማስነጠስ ያልቃል። ሊፍት የለም፣ ጉልበቷን ያማታል። ሠራተኛዋም «እኔ ምን ልሠራ ነው ታዲያ» ብላ ታኮርፋለች። ጋዙን ረስታ ቤት ብታቃጥልስ?


ሲስተር በጡረታ፦

ወቀጣውን ወፍጮና ማሽን ይሥሩት። ይውቀጡ አላልኩም። የእሳቸው ሥራ ማዘዝ፣ መምረጥ፣ መመጠን፣ መቅመስና መቆጣት ነው። ሠራተኛዋ እጅ ትሁን፣ እሳቸው ጭንቅላት ይሁኑ። እንዲያውም ያስተምሯት። ሰውን ማስተማር ማለት የምታውቂውን በቅደም ተከተል አውጥቶ መናገር ነው፣ ከባድ ሥራ ነው። ልጅቷም ሙያ ይዛ ትወጣለች።

ማስነጠሱን በተመለከተ ኮሚናል የላችሁም? የኮንዶሚኒየም ኮሚናል የተሠራው ለዚህ ዓይነት ሥራ ነው። እዚያ ይሰጡት። ጎረቤት ሽታውን ተከትሎ ይመጣል፣ «ማነው ይሄ የሚያውደው» ብሎ። ከሰው የሚተዋወቁት እንደዚህ ነው። የሰፈራችሁ ዕድር ውስጥም አስገቢያቸው። የአራት ኪሎው ዕድር ካልፈረሰ ወርኃዊውን ስብሰባ አያስቀሩ፣ ሄደው ይመለሱ። ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ ማን የት ተመደበ፣ ይህን ሁሉ ይዘው ሲመለሱ ለቤቱ ሰው ያውሩት። ያን ቀን ድራማውን አትክፈቱ።

ጋዝ ላይ ለጊዜው ብቻቸውን አይሁኑ። እሱ ላይ አልከራከርሽም። አደጋ ካለበት ሥራ እንጠብቃቸው፣ ከሥራ ሁሉ ግን አንጠብቃቸው።

ደረጃው። ጉልበቱን ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይየው። እስከዚያው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ በቀስታ መነሳት፣ እንደገና መቀመጥ። ጭን ሲጠነክር ጉልበት ይቀልለዋል። በቀን አንዴ፣ የደረጃውን ብረት ይዘው፣ ሳይቸኩሉ ይውረዱ። ከታች ይራመዱ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ፣ 120 ትልልቅ ሰዎች የተካፈሉበት። ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ቀን ለ40 ደቂቃ እንዲራመዱ፣ ግማሾቹ እንዲያፍታቱ ብቻ ተደረገ። ከአንድ ዓመት በኋላ ያ የላዳው ወንድማችን የነገረሽ ሂፖካምፐስ በተራማጆቹ ላይ 2 ከመቶ ገደማ ጨመረ፤ በሌሎቹ ላይ ግን ቀነሰ። አንድ ጥናት ነው፣ እንደ ወንጌል አትያዢው። ግን ልብ በይ፦ ሲጀምሩ በ40 ደቂቃ አልጀመሩም። በ10 ደቂቃ ጀምረው በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ነው የጨመሩት። እናትሽም እስከ ዳቦ ቤት ብቻ ይጀምሩ።

እንቅልፋቸውን ማስተካከል ከፈለግሽ ከቀኑ ጀምሪ። ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ሁለት ሰዓት ከተኙ ማታ ምን ይተኛሉ? ቡናስ ስንት ሰዓት ነው የሚጠጡት? ከመክሰስ በኋላ የተጠጣ ቡና ማታ አራት ሰዓት ላይም ሰውነት ውስጥ አለ። ጠዋት ይጠጡ፣ አቦል ቶና በረካው ጠዋት ይለቅ። ጎረቤት ጠርተው ከሆነማ በጣም ጥሩ። አንጎል ቀን የተማረውን የሚያደላድለው ተኝቶ ነው፤ ያለ እንቅልፍ የቀረው ሁሉ ልፋት ነው።


የመሪጌታ ልጅ፦

ዳዊትን አትናቁብኝ እንጂ። አባቴ ሰማንያን አልፏል። ድጓውን እንደ ልጅነቱ ነው የሚያወርደው። በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ፣ ማንም ካላንደር ሳይገዛ፣ ባሕረ ሐሳቡን በጣቱ አውጥቶ አጽዋማቱን ይነግረናል። ለምሳሌ የ2018ን ልንገራችሁ። 5500 ሲጨመርበት 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይተርፋል። አንድ ሲቀነስ 12፣ እሱ ወንበሩ ነው። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ 12፤ አበቅቴ። በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18፤ መጥቅዕ። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሞሉ ስሌቱ ተሳስቷል። ከዚያ ተነስቶ ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይላችኋል። ወረቀት የለም፣ ስልክ የለም። እንዲህ ያለ አእምሮ ይደክማል?


ሲስተር በጡረታ፦

ዕድሜ ይስጥልን ለአባትህ። አእምሮ እንዲህ ሲሠራ ኖሮ ሲያረጅ ስንቅ አለው፣ እውነት ነው። ግን ልንገርህ፣ ስድሳ ዓመት የደገሙት ነገር አሁን በራሱ የሚሄድ ነው፤ ብዙም አያለፋቸውም። የበለጠ የሚያለፋቸው ለልጅህ ሲያስተምሩት ነው። ልጁ «ለምን አንድ ይቀነሳል» ብሎ ሲያፋጥጣቸው።

ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ነበር። ወጣቶችን ሦስት ኳስ በአየር ላይ እያቀባበሉ መጫወት አስተማሯቸው። ከሦስት ወር በኋላ እንቅስቃሴን የሚያየው የአንጎል ክፍል ጨምሮ ተገኘ። መጫወቱን ተዉት፣ ያ የጨመረው ተመልሶ ቀነሰ። እናም አዲስ ነገር መማር ያስፈልጋል፣ መተው ደግሞ ይጎዳል። ለአባዶዋ እናት አዲሱ ነገር ምን ይሁን ብትይኝ፣ በርበሬውን በሞባይል ባንክ መሸጥ! ገንዘብ መግባቱን ራሳቸው ያረጋግጡ። በሳምንት ውስጥ ካንቺ በላይ ይነቁበታል።


የአባዶዋ፦

ሰላም ተመልሻለሁ። ያላችሁኝን አድርጌ የሆነውን ላሳውቃችሁ ብዬ ነው።

ቢ12ዋ ዝቅ ብሎ ተገኘ፣ መርፌ ጀምራለች። ታይሮይዷ ደህና ነው። ግፊቷ ከፍ ብሏል፤ መድኃኒቱን «ደህና ነኝ» ብላ ለካ ትታዋለች፣ አሁን እያየኋት ትውጣለች። ጆሮዋ ውስጥ የወጣውን ሰም ብታዩ! ቴሌቪዥኑ ከ38 ወደ 22 ወርዷል። ቢሆንም በአንዱ ጆሮዋ በደንብ አትሰማም፣ ለመለካት ቀጠሮ ይዘናል።

በርበሬው ነገር ግን ጦርነት ነው የሆነው። መጀመሪያ «ማን ይገዛኛል እዚህ» አለች። ከዚያ እኔ የገዛሁትን ዛላ አይታ ተቆጣች። «ይሄ ዝናብ የመታው ነው፣ ማን ነው የሸጠልሽ?» ብላ እንድመልሰው አስገደደችኝ። በሚቀጥለው ቀን ራሷ ሾላ ካልሄድኩ አለች። ሄድን። ሦስት ሻጭ ጋ ተከራክራ ከአራተኛው ገዛች። ተመልሰን ስንመጣ ደረጃው ላይ ሁለት ቦታ አረፈች፣ ጉልበቷን ረግማ ጨረሰችው።

ኮሚናሉ ላይ ሲሰጣ ከሦስተኛ ፎቅ ያሉ ሴትዮ መጥተው «ለእኔም» አሏት። አንዷ ደግሞ የጎጃም ሰው ናት፣ የቅመሙ አገባብ ላይ አልተስማሙም። አሁን ጠዋት ጠዋት ቡና አብረው እየጠጡ ይጨቃጨቃሉ። ሠራተኛዋ ጋር ግን ገና አልታረቁም። ልጅቷ ኮረሪማውን ከአዝሙዱ ጋር አንድ ላይ አመሰችው፤ እናቴ ሁለት ቀን አላናገረቻትም።

ብሎኩን ከዘበኛው ቤት አጠገብ ባለችው የቡና ልጅ ነው የምታውቀው። ልጅቷ የቀረች ቀን ትንሽ ተደናግራ ነበር፣ ግን ራሷ ደርሳለች።

የልጄን ስም አሁንም ትስታለች። ወሬም ትደግማለች። እንቅልፏም ገና ነው፣ የመክሰስ ቡናውን አልተውም ብላለች። ጋዙንም አንዴ ረስታ አግኝቻታለሁ። ለእሱ ምን ላድርግ?


ሲስተር በጡረታ፦

ቢ12 ቶሎ አይጠግንም፣ ወራት ይፈልጋል። የተወሰነው ላይመለስም ይችላል፣ ለዚህም ተዘጋጂ። መርሳቱ ከጥቂት ወር በኋላም ካልቀነሰ ወይ ከባሰ፣ የነርቭ ሐኪም ይያቸው እንጂ በበርበሬ ብቻ አትዘናጊ። ጆሯቸው ላይ መሣሪያ ከታዘዘ «አስጠላኝ» ብለው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል፣ ሁሉም እንዲያ ነው የሚያደርጉት። መጀመሪያ ጸጥ ባለ ክፍል በቀን ጥቂት ሰዓት ያድርጉት፣ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ሁለት ቀን ማኩረፉ ግን በዛ። ልጅቷ ካልተሳሳተች እንዴት ትማር፣ በይልኝ።


ናቲ 22፦

ለጋዙ እኔ አለሁ። ታብሌት አላልኩም ሲስተር! መርካቶ በእጅ የሚጠመዘዝ የኩሽና ደወል አለ፣ ባትሪ እንኳ የማይፈልግ። ለማዘር ክር አድርገሽ አንገቷ ላይ አንጠልጥዪላት። ጋዙን ስትለኩስ ትጠመዝዘዋለች፣ ሌላ ክፍል ብትሄድም አብሯት ይጮሃል። ስትገዢ ድምፁ ወፈር ያለውን ምረጪ፤ ጆሮ የደከመ ሰው ቀጭኑን ላይሰማው ይችላል፣ አክስቴ ቤት የመጀመሪያውን የቀየርነው ለዚህ ነው።